«አዳንኩት» ማለት ምን ማለት ነው? የአሮጌ መላጫ ብሩሽ ክርክር

ነሐስ ወዳጅ፦ ትናንት ማታ አንድ ወንድማችን እዚህ ገጽ ላይ የለጠፈውን አይቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከምናለሽ ተራ የገዛትን የድሮ የጺም መላጫ ብሩሽ ይዞ ቀረበ። እጀታዋ ነሐስ ነው፣ ላዩ ኒኬል ቅብ። ጸጉሯን ነቅሎ ጣለ። እጀታዋን በማሽን ፈትጎ ወርቅ አስመሰላት። ከዚያ «ጸጉሩን ጥዬ እጀታውን አዳንኩት» ብሎ ጻፈ። ከምን ነው ያዳንካት? ያ ብርማ ቀለም እኮ ቆሻሻ አይደለም። ፋብሪካው የቀባት ኒኬል ነው። አንዴ ከተላጠ ተላጠ።

ቶርኖ ቤት፦ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ዙሪያ ጥምጥም አያስፈልግም፣ በቀጥታ አናግረኝ። ስገዛት ቅቡ ግማሹ ተልጧል፣ ግማሹ አብጧል። ከሥሩ አረንጓዴ ነገር ወጥቶበታል። እንዲህ ያለ ቅብ በጨርቅ ተወልውሎ አይመለስም። ወይ ሙሉ በሙሉ ታነሳዋለህ፣ ወይ እንደገና ታስቀባዋለህ። ቆራሌው ከተሰባበረ የቧንቧ ራስ ጋር በኪሎ ሊሸጣት ነበር። ቀልጣ ትቀር ነበር። ይሄን «አዳንኩት» ካላልኩ ምን ልበለው?

ነሐስ ወዳጅ፦ «ለወጥኩት» በል። ከቆራሌው እጅ ማውጣትህ ጥሩ ነው፣ እሱን አልካድኩም። ማሽኑ ላይ ስታስቀምጣት ግን ማዳኑ አበቃ። በፊት ያነሳሃትን ፎቶ አጉልቼ አይቻለሁ። አንገቷ ዙሪያ ሦስት ቀጫጭን ቀለበቶች ነበሩ። አሁን ሁለቱ ብቻ ናቸው የሚታዩት። ሦስተኛው የት ሄደ?

ቶርኖ ቤት፦ ትንሽ ተበልቷል። አምናለሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ እኔ አሜሪካ ሆኜ አሥር ዓመት እነዚህን ብሩሾች ሰብስቤአለሁ። በጣም የምወዳቸው የመንገደኛ ብሩሾቹን ነው። እጀታቸው ባዶ ቱቦ ነው። ጸጉሩ ያለበትን ጫፍ ፈትተህ ገልብጠህ እዚያው ውስጥ ታስገባዋለህ። የሚፈታበት የብሎን ጥርስ በጣም ስስ ስለሆነ በማሽን ከተነካ ሁለተኛ አይገጥምም። ስለዚህ ማሽን የሚባል ነገር አርቁ። መጀመሪያ ለብ ያለ ውኃ፣ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ። ያ ካልበቃ ታችኛው መቀመጫ ላይ፣ በማይታየው በኩል፣ ትንሽ የነሐስ መወልወያ ሞክሩ። ጨርቁ ወዲያው ከጠቆረና ከሥሩ ቢጫ ብቅ ካለ አቁሙ። ቅቡን እየበላችሁት ነው።

ጸጉር አስተካካይ፦ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? እናቴ ነሐስ በሎሚና በአመድ ነበር የምታበራው። መስታወት ነው የሚመስለው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ቅብ ለሌለው፣ ሁለመናው ነሐስ ለሆነ ዕቃ ሎሚ ይሠራል፣ ቶሎ ከታጠበ። ኮምጣጤ ወይም ሎሚ ውስጥ ዘፍዝፈህ ካደርክ ግን ከነሐሱ ዚንኩ ይወጣና መዳቡ ብቻ ላዩ ላይ ይቀራል። ጠዋት ስታየው ሮዝ ሆኖ ታገኘዋለህ። አመድን ደግሞ አሉሚኒየም እጀታ ላይ እንዳታስበው። ይበላዋል፣ ያጠቁረዋል። የድሮ ብሩሽ ሁሉ ነሐስ አይደለም። በክብደቱ ለይ። አሉሚኒየም እጅ ላይ ቅልል ይላል።

የከብት ሐኪም፦ ስለ ቅብ ስትጨቃጨቁ ዋናው ነገር ተረሳ። ልጁ ጸጉሩን መጣሉ ልክ ነው። የአባ ሰንጋን ነገር ሰምታችሁ አታውቁም? በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አሜሪካና እንግሊዝ ውስጥ ከመላጫ ብሩሽ አባ ሰንጋ የያዛቸው ሰዎች ከ200 በላይ ናቸው። የጋዝ ጭንብሉ ፊት ላይ ግጥም እንዲል ወታደሩ መላጨት ነበረበት። ብሩሽ በገፍ ተፈለገ። ጦርነቱ የተለመደውን የንግድ መስመር ስለዘጋው በደንብ ያልጸዳ የፈረስ ጸጉር ገበያ ገባ። ምላጭ የቆረጠው ፊት ላይ ሲታሽ በሽታው በቁስሉ ገባ። እንግሊዝ በ1920 ከጃፓን የሚመጣ የመላጫ ብሩሽ እስከመከልከል ደርሳለች።

ነሐስ ወዳጅ፦ ዶክተር፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን ይሄ የመቶ ዓመት ታሪክ ነው። ደግሞ ጥሩዎቹ ብሩሾች ባጀር ከሚባለው የዱር እንስሳ ጸጉር የተሠሩ ናቸው እንጂ የፈረስ አይደሉም። በአንድ ዘመን ስህተት ሁሉንም ጸጉር መንቀል ልክ አይደለም።

የከብት ሐኪም፦ ችግሩ እዚያው ላይ ነው ያለው። በዚያን ጊዜ የፈረስ ጸጉር ቀለም እየተቀባ ባጀር ተብሎ ይሸጥ ነበር። እጀታው ላይ የተጻፈውን አምነህ ፊትህን አትሰጥም። የአባ ሰንጋ ዘር ደግሞ ደረቅ ቦታ ላይ ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል። ማፍላት አስተማማኝ አይደለም፣ አልኮልም አይገድለውም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሰዎች በ2017 ይሄንኑ ጽፈዋል። አደጋው ትንሽ ነው፣ ግን ቤት ውስጥ አጸዳለሁ ብላችሁ አትሞክሩ ይላሉ። እኔ በየገጠሩ አባ ሰንጋ የገደለው በሬ ሥጋ ተከፋፍሎ የታመሙ ሰዎችን አይቻለሁ። በዚህ ነገር አልቀልድም።

ቶርኖ ቤት፦ ይኸው! «አዳንኩት» ስል እጀታውን ብቻ ሳይሆን የራሴንም ፊት ነው።

ነሐስ ወዳጅ፦ አሁን ገና የሰማኸውን ነገር ትናንት ለጻፍከው ምክንያት አታድርግ። ትናንት «ጸጉሩ አስቀያሚ ነው» ነበር ያልከው። ለዚያውም በቪዲዮው ላይ በደረቁ፣ ያለ ጓንት፣ ምግብ የሚበላበት ጠረጴዛ ላይ ነው በመቀስ ስትቆራርጠው የነበረው። አቧራው ሲቦን ይታያል።

የከብት ሐኪም፦ እሱ ላይ ነሐስ ወዳጅ ትክክል ነው። አቧራ ማስነሳት አይገባም ነበር። አሮጌ ጸጉር በደረቁ አይቆረጥም።

ጸጉር አስተካካይ፦ አዲስ የተከልክበት ጸጉር የምንድነው? የአሳማ ከሆነ ለእኔ ደንበኛ አይሆንም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ፊቱን በአሳማ ጸጉር አታስነካኝ ይለኛል። አንድ ሽማግሌ ጠይቀውኝ መልስ አጥቼ ብሩሹን ጣልኩት።

ቶርኖ ቤት፦ ሰው ሠራሽ ነው። ውፍረቱ 22 ሚሊ ሜትር። ኢፖክሲ በሚባለው ሙጫ ነው ያጣበቅኩት።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ የአሳማ ጸጉር እኮ ሳሙና በማስነሳት የሚወዳደረው የለም። መብላትና መላጨት ምን አገናኛቸው?

ጸጉር አስተካካይ፦ አንተ እዚያ ሆነህ ትችላለህ። እኔ ሰፈር ነው የምሠራው። ደንበኛዬን ልከራከረው አልችልም። ደግሞም ብሩሽ ለብዙ ሰው መጠቀም ካቆምኩ ቆይቻለሁ። አረፋውን በጣሳ ነው የምገዛው።

የአባቴ ልጅ፦ አንድ ነገር ልናገር። አባቴ ብሩሹን ለአርባ ዓመት ተጠቅሞበታል። ኒኬል ቅብ ነበር። አውራ ጣቱ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቅቡ አልቆ እንደ ባቄላ ፍሬ የምታህል ቢጫ ነሐስ ትታይ ነበር። ካረፈ በኋላ አውራ ጣቴን እዚያች ላይ አድርጌ እይዘው ነበር። ወንድሜ በቅን ልብ ወስዶ አስፈተገው። ሙሉው ቢጫ ሆኖ መጣ። ያቺን ቦታ ፈልጌ አጣኋት። ያን ቀን ወንድሜም «አዳንኩልሽ» ነው ያለኝ።

ነሐስ ወዳጅ፦ እህቴ፣ እኔ ስጮህ የዋልኩት ስለዚህች ቦታ ነው።

የከብት ሐኪም፦ እህቴ፣ ጸጉሩስ?

የአባቴ ልጅ፦ እንዳለ ነው። ማንም አይላጭበትም። ቢፌ ውስጥ ነው።

የከብት ሐኪም፦ እንግዲያው እዚያው ይቀመጥ። ልጆች እንዳይጫወቱበት ብቻ።

ቶርኖ ቤት፦ የአባትሽን ብሩሽ እኔ ጋ ብታመጪው አልፈትገውም ነበር እህቴ። የኔዋ ግን ባለቤቷ የማይታወቅ፣ የተላጠች ዕቃ ናት። ሁለቱን አንድ አታድርጉብኝ።

ነሐስ ወዳጅ፦ ባለቤቷን አንተ አላወቅከውም እንጂ አውራ ጣት ነበረው።

ቶርኖ ቤት፦ ቅዳሜ ሁለት እጀታ እጄ ላይ ይገባሉ። አንዱ አሉሚኒየም ነው። ዓይንህ እያየ እንዲሠራ ከፈለግክ ና። ማሽኑን ግን አልሸጥም።

ነሐስ ወዳጅ፦ እመጣለሁ። «አዳንኩት» የምትለዋን ከፎቶው ሥር እስክታነሳት ድረስ ግን አልተውህም።