የዲስክ ጎልፉ ቅርጫት ቀለለን፣ ምን እናድርግ?

የጦሳ ስር ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ ከደሴ ነው። ጦሳ ተራራ ስር ባህር ዛፉ መሀል ዲስክ ጎልፍ መጫወት ከጀመርን ሦስት ዓመት ሊሞላን ነው። ለማታውቁት፣ ነገሩ ጎልፍ ነው። በኳስ ፋንታ ዲስክ፣ እንደ ሳህን ክብና ጠፍጣፋ የሆነ ፕላስቲክ፣ ትወረውራለህ። በጉድጓድ ፋንታ ደግሞ ከላይ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት የብረት ቅርጫት አለ፣ በትንሽ ውርወራ ያስገባ ያሸንፋል። ዘጠኝ ቅርጫት አለን። ዘጠኙንም በፌሮና በብስክሌት ቸርኬ እዚሁ ከተማ ነው ያስበየድናቸው።

አሁን ችግር ገጠመን። ከመሀላችን ስድስት ሰባት ልጆች ከ7 ሜትር ውስጥ መሳት ትተዋል። ድሮ እዚያ ርቀት ላይ ስትቆም ጉልበትህ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ሰውም ጸጥ ብሎ ነበር የሚያይህ። አሁን ዲስኩ ቅርጫቱ አካባቢ ካረፈ ማንም ዞሮ አያይም፣ ወሬያችንን እያወራን ወደ ቀጣዩ እንሄዳለን። እኔን ይሄ ያሳዝነኛል። የጨዋታው ልብ የመጨረሻዋ ውርወራ ናት። እሷ ከቀለለች የቀረው የእግር ጉዞ ነው።

ስንመካከር ሦስት ሐሳብ መጣ። አንዱ ሰንሰለቱን ከ18 ወደ 9 መቀነስ ነው። ሌላው ቅርጫቱን ከፍ አድርጎ መስቀል። ሦስተኛው እንደ አዲስ ጠበብ ያለ ማሠራት ነው፣ ግን ብረት ምን ያህል እንደተወደደ ታውቃላችሁ። እኔ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ፣ መቁረጫ ብቻ ነው የሚፈልገው። የሚያሳስበኝ ቅዳሜ ቅዳሜ አዲስ የሚመጡት የ12 እና የ13 ዓመት ልጆች ናቸው። እነሱ ገና ከ4 ሜትርም ይስታሉ፣ ተስፋ እንዳይቆርጡብን እፈራለሁ። የሞከረ ካለ ይንገረን።

ብየዳ ኮምቦልቻ፦

ወንድሜ፣ መቁረጫውን አስቀምጠው! ሰንሰለቱን እንዳትነካ።

እኛ ኮምቦልቻ ያንኑ አድርገን አይተነዋል፣ ግማሹን ቆርጬ ያወረድኩት ራሴ ነኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ደስ አለው፣ ከበደ አሉ። በሁለተኛው ሳምንት ነገሩ ገባን። አንዱ ልጅ ከ9 ሜትር መሀል ለመሀል ወረወረ፣ ዲስኩ ቀጥ ብሎ ገባና ምሰሶውን ገጭቶ ተመልሶ ወጣ። ከእሱ ቀጥሎ የወረወረው ደግሞ ጎኑን ብቻ ነካው፣ ሰንሰለቱ ላይ ተንጠለጠለና ቅርጫቱ ውስጥ ወደቀ። ጥሩ የወረወረው ከሰረ፣ የሳተው ዳነ። ያን ቀን ማታ ድረስ ስንጨቃጨቅ አመሸን። በወሩ መልሼ በየድኩት።

የሰንሰለቱ ሥራ ዲስኩን ማድከም ነው። ዲስኩ ሲመታው ይወዛወዛል፣ ጉልበቱን ይጠጣለታል፣ ከዚያ ዲስኩ ቀስ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። ሰንሰለቱ ከሳሳ ያ ጉልበት ሁሉ ምሰሶው ላይ ነው የሚያርፈው። እሱ ደግሞ ከባድ ጨዋታ ሳይሆን ዕጣ ነው፣ ጎበዙንና ሰነፉን አይለይም።

እኔ በኋላ የሠራሁት እንዲህ ነው። ሰንሰለቱ የሚንጠለጠልበትን የላይኛውን ቀለበት ስፋት ከ55 ሳንቲሜትር ወደ 38 አወረድኩት። የታችኛውን ቅርጫት ከ65 ወደ 48፣ እሱ ሰፊ ሆኖ ከቀረ ሰንሰለቱን በደንብ ያላገኘ ደካማ ውርወራ ሁሉ ይወድቅበታላ። ሰንሰለቱን ግን አልቀነስኩም። 12 ከውጭ 6 ከውስጥ፣ ቀለበቱ ስለጠበበ እንዲያውም ጥቅጥቅ ብሏል። የውስጦቹ ምሰሶውን ከበው ይውረዱ። በጣም ቀጭን ሰንሰለት አትግዙ፣ ነፋስ ይጫወትበታል። በጣም ወፍራሙም እንደ ግድግዳ ይመልሳል። መካከለኛውን ነው። አሁን ይሄ ቅርጫት መሀሉን ያገኘውን አንድም ቀን አልመለሰብኝም፣ ጎን የነካውን ግን አይምርም።

ለልጆቹ ደግሞ አብሽር። ምሰሶውን በቀጥታ ኮንክሪት ውስጥ አትቅበሩት። ሰፋ ያለ ቱቦ መሬት ውስጥ ቅበሩና ምሰሶው እሱ ውስጥ ይግባ፣ በአንድ ብሎን ይጥበቅ። ቅዳሜ ሰፊውን፣ እሁድ ጠባቡን ትተክላላችሁ። ዘጠኝ ማሠራትም የለባችሁም፣ በሦስት ጀምሩ።

የሐይቁ መምህር፦

ልጆች፣ ብየዳው ያለው ልክ ነው። ቁጥሩን ላሳያችሁ። 55 ለ38 ሲካፈል 1.45 ገደማ ይመጣል። 7 ሜትርን በዚያ ስታባዙት 10 ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ጠባቡ ቅርጫት ፊት 7 ሜትር ላይ ስትቆሙ፣ ወደ ጎን ለመሳት ያላችሁ ቦታ ሰፊው ቅርጫት ፊት 10 ሜትር ላይ ስትቆሙ ያላችሁን ያህል ነው።

ወደ ጎን ብዬአለሁ። ከፍታው ግን አልተነካም፣ እንዳይነካም እመክራለሁ። ከ10 ሜትር የሚወረውር ሰው ሁለት ነገር ነው የሚቆጣጠረው፣ አቅጣጫና ከፍታ። ጠባቡ ቅርጫት አቅጣጫውን ብቻ ነጥሎ ይፈትናል። ለማሠልጠን ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ልጁ ሲስት ምን እንደሳተ ወዲያው ያውቃል።

ቅርጫቱን ከፍ አድርጎ ስለ መስቀል ደግሞ። በጨዋታው ደንብ የቅርጫቱ ጠርዝ ከመሬት 82 ሳንቲሜትር ነው፣ 6 ሳንቲሜትር ወዲህ ወዲያ ይፈቀዳል። ከዚያ በላይ ስትሰቅሉት ውርወራው ራሱ ይለወጣል። ዲስኩ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ይሄዳል፣ ከሳታችሁ ደግሞ አልፎ ሩቅ ነው የሚያርፍ። ከዘጠኙ አንዱ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ሁሉም ከሆነ ግን ሌላ ጨዋታ ፈጠራችሁ ማለት ነው። ደግሞ ከላዩ ላይ ያረፈ ዲስክ እንደማይቆጠር ለልጆቹ ከአሁኑ ንገሯቸው። ዲስኩ ከቀለበቱ በታች ከቅርጫቱ ጠርዝ በላይ ገብቶ ነው መቅረት ያለበት።

ገራዶ፦

ከቅርጫቱ ፊት ቅንጭብ ትከሉበት። በነፃ ነው፣ ቶሎ ያድጋል፣ ዲስኩን አጠማዝዘው ካልወረወሩ አይገባም።

ፒያሳ፦

ገራዶ ወንድሜ፣ ቅንጭብስ ይቅር። ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ምን እንደሚያደርግ ታውቃለህ። ዲስክ በመታው ቁጥር ቅርንጫፉ ይሰበራል፣ ከዚያ ልጆቹ ዲስካቸውን ሊያወጡ እጃቸውን ያስገባሉ፣ በዚያው እጅ ዓይናቸውን ያሻሉ። እኔ እህቴ ላይ ደርሶ አይቻለሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስትጮህ ነው ያደረችው። መከለያ ካስፈለገ ሁለት ደረቅ የባህር ዛፍ ግንድ አቁሙ፣ በመሀላቸው ይወርወር።

ደሴ ናፋቂ፦

ይሄን ሳነብ ልቤ ተነካ። ጦሳ ስር ዲስክ ጎልፍ! ማሻ አላህ። እኔ አሜሪካ ነው የምኖረው፣ እዚህ ሁልጊዜ እሁድ እጫወታለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላንሣ፣ ብየዳው ያለውን ያጠናክራል። ጨዋታው ሲጀመር ዒላማው ዛፍ፣ የመብራት ምሰሶ፣ ያገኙት ነገር ነበር። በፈረንጆቹ 1975 ካሊፎርኒያ ኦክ ግሮቭ የሚባል መናፈሻ ውስጥ ኤድ ሄድሪክ የመጀመሪያውን ቋሚ ሜዳ ሲሠራም ዒላማዎቹ ተራ ምሰሶዎች ነበሩ። ነካ፣ አልነካም የሚል ጭቅጭቅ ነው ሰንሰለቱን የወለደው። በ1977 የቅርጫቱና የሰንሰለቱ ፈጠራ በስሙ ተመዘገበ። ሰውየው ለዚህ ጨዋታ የነበረው ፍቅር ልዩ ነው፣ በ2002 ሲሞት እንኳ በኑዛዜው መሠረት የተቃጠለው አስከሬኑ አመድ ዲስክ ውስጥ ተቀላቅሎ ተሠርቷል። እንግዲህ ሰንሰለት ስትቀንሱ ያን የድሮውን ጭቅጭቅ ነው መልሳችሁ የምትጠሩት።

ጠባብ ቅርጫት እዚህም አለ፣ ግን በአብዛኛው ለልምምድ ነው። ትልልቅ ውድድሮች የሚካሄዱት በመደበኛው ነው። ታዲያ እነዚያን ጎበዞች ምን ያስቸግራቸዋል ካላችሁ፣ ቅርጫቱ የቆመበት ቦታ ነው። እናንተ ደግሞ የወሎ ልጆች ናችሁ፣ እርከን በእርከን ላይ ነው የምትኖሩት፣ ይሄን ሀብት አትርሱት። አንዱን ቅርጫት እርከን ጠርዝ ላይ አቁሙት፣ ከጠርዙ ሁለት ሜትር ገባ ብሎ። አሁን ያ ከ7 ሜትር የማይስት ልጅ ያስባል። ቢስት ዲስኩ ከእርከኑ ወርዶ 12 ሜትር ይርቅበታል። ስለዚህ ይወርውር ወይስ ቅርጫቱ ስር አሳርፎ በሚቀጥለው ያስገባ? ቅርጫቱ አልጠበበም፣ ሰንሰለቱ አልተነካም፣ እጁ ግን ይንቀጠቀጣል። ለእኔ ከባድ ዒላማ ማለት ይሄ ነው።

ነፋሱንም አስቡበት። ከፊት ሲመጣ ዲስኩን ያነሣዋል፣ ከኋላ ሲመጣ ወደ መሬት ይጫነዋል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ በየት በኩል እንደሚመጣ አይታችሁ ቅርጫቱን ክፍት ቦታ ላይ አውጡት። ደግሞ ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ዲስክ ብዙ አይንሳፈፍም፣ መጨረሻ ላይ ቶሎ ይታጠፋል። ኮምቦልቻ ስትወርዱ ያው ዲስክ ሲለወጥባችሁ አትደንግጡ።

ፒያሳ፦

የእርከኑ ሐሳብ ደስ ይላል። ግን ከታች በኩል እንጨት ተሸክመው የሚያልፉ እናቶች አሉ፣ ከብት የሚጠብቁ ልጆችም አሉ። ዲስኩ ወደ መንገዱ የማይንከባለልበትን እርከን ምረጡ በአላህ።

የጦሳ ስር ልጅ፦

ሁላችሁንም አላህ ያክብርልን። ሰንሰለቱን አልቆረጥንም። ብየዳው ባለው ልክ አንድ ጠባብ ቅርጫት አሠራን፣ ለቀለበቱ ፌሮ አጥፈን ነው እንጂ ቸርኬው አልሆነንም። እሁድ ሞከርነው። ከ7 ሜትር አይስቱም ካልኳችሁ ልጆች አንዱ ከአሥሩ ሦስቱን ሳተ፣ ሦስቱንም በቀኝ በኩል። እስከዛሬ ሰፊው ቅርጫት ሸፍኖለት እንጂ እጁ ወደ ቀኝ እንደሚያደላ እሱም አያውቅ፣ እኛም አናውቅ። መምህር፣ እርስዎ ያሉት ወዲያው ታየን። ሲወረውርም ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ነው ያየው፣ ያን ጸጥታ ናፍቄው ነበር።

7ኛውን ቅርጫት ወደ እርከኑ ልናወጣው ነው። ከመንገዱ በተቃራኒ ያለውን መርጠናል፣ ከስሩ የድንጋይ ካብ ስላለ ዲስኩ እዚያ ይቆማል። ቱቦውን ሐሙስ እንቀብራለን። መምህር፣ ቅዳሜ ወደ ደሴ ብቅ ካሉ ረጅሙን ሜትር ይዘውልን ይምጡ፣ የኛ 5 ሜትር ብቻ ነው።