350ን ወደ 383 ማሳደግ፦ የትኛው ክራንክሻፍት፣ የትኛው ቢዬላ?

ስትሮክ_383፦
ሰላም ለሁላችሁ። የቼቭሮሌት ስሞል ብሎክ 350 ሞተር ስትሮኩን (የፒስተኑን ጉዞ) በማርዘም ወደ 383 ላሳድግ ነው፤ ቁጥሮቹ የሞተሩ መጠን በኪዩቢክ ኢንች ናቸው። ብሎኩ ከ1986 ወዲህ የተሠራ፣ የኋላ ሲሉ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው) አንድ ወጥ የሆነ፣ የዋና ብሮንዚና ካፖቹም ባለ ሁለት ቡሎን ናቸው። ሲሊንደሩ ተከፍቶ 4.030 ኢንች ይሆናል። መኪናው በየቀኑ የሚነዳ ነው፤ ቱርቦ የለውም፣ ናይትረስ የለውም፣ ከ6000 ዙር አያልፍም። 400 ፈረስ ጉልበት አካባቢ ብደርስ ይበቃኛል። ክራንኩ ካስት (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ) ቢሆን ይችለዋል ወይስ ፎርጅድ (ተቀጥቅጦ የተሠራ) 4340 ብረት ግድ ነው? ቢዬላስ (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኘው ዘንግ) 5.7 ወይስ 6.0 ኢንች፣ ቁርጡ እንደ I ፊደል የሆነ አይ-ቢም ወይስ እንደ H የሆነ ኤች-ቢም? ሻጮች ሁሉንም በአንድ ሳጥን "ኪት" ብለው ይሸጣሉ፤ እንዳለ ልገጥመው እችላለሁ?

ፊሌት፦
ከመጨረሻው ልጀምር፦ አትችልም። ኪት ማለት ዕቃዎቹ አብረው ተመርጠዋል ማለት ነው እንጂ ከአንተ ብሎክ ጋር ተለክተዋል ማለት አይደለም።

ክራንኩን በተመለከተ፣ ለገለጽከው አጠቃቀም ጥሩ ካስት ስቲል ክራንክ ይበቃል። ካስት ክራንክን የሚገድለው ድንገተኛ ጫና ነው፤ ናይትረስ፣ ቱርቦ፣ ወይም ነዳጁ ያለጊዜው እየፈነዳ የሚያንኳኳ ሞተር። ወደፊት ከእነዚህ አንዱን ለመጨመር ሐሳብ ካለህ ግን አሁኑኑ ፎርጅድ 4340 ግዛ፤ ሁለት ጊዜ ባላንስ ከማሠራት ይረክሳል። ባለ ሁለት ቡሎን ካፖችህ ለ400 ፈረስ ችግር የለባቸውም፤ የካፕ ቡሎን ወደ ስተድ ከቀየርክ ግን የዋናው ብሮንዚና ቀዳዳ ቅርጹን ስለሚለውጥ እንደገና መለካት፣ ካስፈለገም ላይን ሆን (ቀዳዳዎቹን በአንድ መስመር ሞርዶ ማስተካከል) መደረግ አለበት።

ስታዝዝ የኋላ ሲሉን ዓይነት በግልጽ ተናገር። አንድ ወጥ ሲል ያለውና ሁለት ቁራጭ ሲል ያለው ክራንክ የኋላ ጫፋቸው አይመሳሰልም፣ የቮላኖ ቡሎኖቻቸው ክብም ይለያያል (3.00 እና 3.58 ኢንች)። የዋናው ጆርናል (ክራንኩ ብሮንዚና ላይ የሚዞርበት አንገት) ዲያሜትርም 2.45 ኢንች መሆኑን አረጋግጥ፤ የ400 ሞተር ክራንክ 2.65 ስለሆነ ብሎክህ ውስጥ አይገባም።

ዴክ_9025፦
ስለ ቢዬላ ርዝመት ብዙ ይባላል፣ ስሌቱ ግን አጭር ነው። ስትሮኩ 3.75 ኢንች ስለሆነ በ5.7 ቢዬላ የቢዬላውና የስትሮኩ ጥምርታ 1.52፣ በ6.0 ደግሞ 1.60 ይሆናል። ቢዬላው የሚያዘነብልበት ትልቁ ማዕዘን ከ19.2 ወደ 18.2 ዲግሪ ይወርዳል ማለት ነው። በአንድ ዲግሪ ልዩነት ጉልበት አይገኝም፤ የፒስተኑ የጎን ግፊት ትንሽ ይቀንሳል፣ እሱ ነው።

የ6.0 እውነተኛ ጥቅሙ ሌላ ቦታ ነው። የብሎኩ ቁመት በፋብሪካ ልክ 9.025 ኢንች ነው። ከዚያ ላይ የስትሮኩን ግማሽ 1.875 እና ቢዬላውን 6.0 ስትቀንስ 1.150 ይቀርሃል። ስለዚህ ከስፒኖቱ መሃል እስከ አናቱ 1.125 ኢንች የሆነ ፒስተን 0.025 ኢንች ወርዶ ይቆማል። በ5.7 ግን 1.425 ያለው ፒስተን ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ ከባድ ነው። ቀላል ፒስተን ክራንኩን ያለ ውጫዊ ክብደት ባላንስ ማድረግን ያቀላል። ጉዳቱ፣ በአንዳንድ አጭር ፒስተኖች የስፒኖቱ ቀዳዳ የዘይት ፋሻውን ቦይ ይነካል፤ እዚያ ከሥሩ ደጋፊ ቀለበት ይገባል፣ እሱን ረስቶ መግጠም ዘይት ያስበላል።

አንድ ነገር እንዳታልፍ፦ ውስጣዊ ባላንስ ያላቸው ብዙ ክራንኮች ሚዛን ክብደታቸው ትልቅ ስለሆነ "ዝቅተኛ የቢዬላ ርዝመት 6.0" ተብሎ ይጻፍባቸዋል። በእነሱ ላይ 5.7 ከገጠምክ የፒስተኑ ቀሚስ ታች ሲደርስ ክብደቱን ይመታል።

መጨመቂያውንም አስብ። 64 ሲሲ ቴስታታ ከጠፍጣፋ ፒስተን ጋር 383 ላይ፣ እንደ ጓርኒሲዮኑ ውፍረት፣ 10.5 አካባቢ ያደርስሃል። ለብረት ቴስታታና ለተራ ቤንዚን ይበዛል፤ አናቱ ወደ 16 ሲሲ የጎደጎደ ፒስተን 9.4 አካባቢ ያወርድልሃል።

ስትሮክ_383፦
በጣም አመሰግናለሁ፣ 6.0 ይሁን። ያገኘሁት ካስት ክራንክ ግን "ውጫዊ ባላንስ" ይላል። የድሮውን ዳምፐር (ከክራንኩ ፊት ያለውን ንዝረት አብራጅ) እና ቮላኖ መጠቀም እችላለሁ? ኤች-ቢሙንስ ምን ትላላችሁ?

ቦብዌይት፦
አትጠቀም። ውጫዊ ባላንስ የሆነ ክራንክ የሚዛኑ ክፍል በዳምፐሩና በቮላኖው ላይ ተለጥፏል። የአንተ 350 ዳምፐር ምንም ተጨማሪ ክብደት የለውም፤ ተጨማሪው ክብደት ከኋላ፣ በቮላኖው በኩል ብቻ ነው። ክራንኩ በ400 ዓይነት የተሠራ ከሆነ ፊቱም ክብደት ያለው ዳምፐር ይጠይቃል። ካልተስማሙ ንዝረቱ መጀመሪያ ዋና ብሮንዚናዎቹን ይበላል። ምርጫ ካለህ ፊቱ ላይ ተጨማሪ ክብደት የማይጠይቀውን ክራንክ ውሰድ።

ያም ሆነ ይህ ባላንስ ቤት ሳትወስድ አትግጠም። ለቪ8 የሚሰላው እንዲህ ነው፦ በእያንዳንዱ ጆርናል የሁለቱን ቢዬላዎች ትልቅ ጫፍና ብሮንዚና ክብደት ሙሉውን፣ የሁለቱን ፒስተን፣ ስፒኖት፣ ፋሻና ትንሽ ጫፍ ደግሞ ግማሹን ትደምራለህ፤ ትንሽ ግራም ለዘይት ይጨመራል። ክብደት መቀነስ በመብሳት ርካሽ ነው፤ መጨመር ግን ውድ የተንግስተን ብረት ይፈልጋል። ስለዚህ ክራንኩ የተዘጋጀለትን የቦብዌይት (የዚያ ድምር) ግራም ከመግዛትህ በፊት ጠይቅ።

ኤች-ቢም ለ400 ፈረስ ግድ አይደለም። ጥሩ አይ-ቢም ፎርጅድ ቢዬላ በቂ ነው፣ ዋናው ቡሎኑ ነው። ቢዬላን የሚበጥሰው በአብዛኛው የዙሩ መሳብ ነው፤ ከ6000 ወደ 7000 ዙር ስትሄድ ያ ኃይል በ36 በመቶ ይጨምራል። ከቡሎን ዓይነቶች ኤአርፒ 8740 ላንተ ይበቃል፣ ኤአርፒ 2000 ቢሆን ይመረጣል። ኤል19 ግን አትግዛ፤ እርጥበትና የእጅ ላብ ይሰነጥቀዋል፣ ለመንገድ መኪና አይሆንም።

ማይክሮሜትር፦
ፊሌት የተናገረውን አንድ ነጥብ የበለጠ አጥብቄ ልናገር፦ ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ልክ አትመን። ጆርናሉን በማይክሮሜትር፣ ብሮንዚና የገባበትንና ካፑ በሙሉ ቶርክ የታሰረበትን ቀዳዳ በዳያል ቦር ጌጅ ለካ። በጆርናሉና በብሮንዚናው መካከል ያለው የዘይት ክፍተት ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ዲያሜትር 0.001 ሚሊ ሜትር ነው፤ በዚያ ላይ እስከ 0.0127 ሚሊ ሜትር ሊጨመር ይችላል። 2.100 ኢንች ላለው የቢዬላ ጆርናል ከ0.053 እስከ 0.066 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ ለ2.45 ዋናው ደግሞ ከ0.062 እስከ 0.075። የክራንኩ ወደፊትና ወደኋላ መንቀሳቀስ ከ0.10 እስከ 0.20፣ በአንድ ጆርናል ላይ ያሉ የሁለት ቢዬላዎች የጎን ክፍተት ከ0.25 እስከ 0.50 ሚሊ ሜትር።

ከፋብሪካው የሚለየው ሌላው ነገር የጆርናሉ ጥግ ነው። የአፍተርማርኬት ክራንኮች ጥንካሬ እንዲጨምር ጥጉን ሰፋ አድርገው ያከብቡታል። ተራ ብሮንዚና ጠርዙ እዚያ ላይ ይቆማል፤ ክራንኩ በእጅ ሲዞር ይከብዳል፣ ብሮንዚናውም ጠርዙ ላይ ያብረቀርቃል። ጠበብ የተደረገ ብሮንዚና እዘዝ። ቢዬላውም አንድ ጎኑ ሰፊ ሻምፈር (በሰያፍ የተቆረጠ ጠርዝ) አለው፤ እሱ ወደ ክራንኩ ጉንጭ፣ ጠፍጣፋው ወደ ጓደኛው ቢዬላ ይዞራል። እዚህ ላይ መሳሳት በጣም የተለመደ ነው።

የስትሮኩ መጨመር ቢዬላውን ከብሎኩ ጋር ያስነካል። ያለ ፋሻ ገጥመህ ክራንኩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙር፣ እያንዳንዱ የቢዬላ ቡሎን የኮፓው ጠርዝንና የሲሊንደሩን ታች በ1.3 ሚሊ ሜትር ማለፉን ተመልከት። ከካምሻፍቱም ጋር እንዲሁ፤ ይህኛው በታይሚንግ ሰንሰለቱ ተገጥሞ ነው የሚለካው። ከካምሻፍቱ ጋር ያለው ክፍተት ካልበቃ መሠረቱ ትንሽ የሆነ ካም ትፈልጋለህ። ብሎኩን ስትፋቅ ጥቂት በጥቂት ሂድ፤ ከኋላው ውሃ አለ። ፍቂያው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው የሚታጠበው፤ የክራንኩ የዘይት ቀዳዳዎች ውስጥም የሞላው ፍርፋሪ በቀጭን ብሩሽና በሳሙና ውሃ ይወጣል፣ አዲስ ቢሆንም።

የቢዬላ ቡሎኑን የርዝመቱን መዘርጋት እየለካህ እሰር፣ ቶርክ ቁልፍ ብቻ አትመን፤ ቅባቱ ሲለወጥ ቶርኩ ይዋሻል። የሚዘረጋበትን ልክ ከቢዬላው ጋር የመጣው ወረቀት ላይ ታገኘዋለህ። ከመግጠምህ በፊት የእያንዳንዱን ቡሎን ነጻ ርዝመት ጻፍ፤ ሲፈታ 0.025 ሚሊ ሜትር የረዘመ ካለ ጣለው።