ክርክር፦ ራንታነን ነገ ይሸጥ ወይስ ይቆይ?

የአውሮራው፦ ነገ ዓርብ ማርች 7 ቀን 2025 የኤንኤችኤል (የሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ ሊግ) የተጫዋቾች ልውውጥ በር ይዘጋል። በዋሽንግተን ከቀኑ 9 ሰዓት፣ አዲስ አበባ ከምሽቱ 5 ሰዓት። (በሐበሻ ቀጠሮ የሚመጣ አይጠበቅም!) ጥያቄዬ አንድ ነው። ካሮላይናዎች (የራሌው ክለብ) ሚኮ ራንታነንን ይሽጡት ወይስ ይያዙት? ፊንላንዳዊው ውሉ ጁላይ 1 ላይ ነፃ ያወጣዋል፣ አዲስ ደሞ አልፈረመም። የኛው ኮሎራዶ በአዲስ ውል ሳይግባባ ለእነሱ አሳልፎ የሰጠው ገና ጃንዋሪ 24 ነው። እስካሁን ከውስጤ አልወጣም።

ቡና ጠጪ፦ ይሽጡታ! አምና የሆነውን ረሳችሁት? ልክ በዚህ ሰሞን ጄክ ጌንትዝልን ከፒትስበርግ አመጡ። ሰውየው ተከራይ ነበር፣ ሰመር ላይ ቁልፉን አስረክቦ ወጣ። ታምፓ ሄዶ ለ7 ዓመት 63 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። እነሱ ምን አገኙ? አንድ የሦስተኛ ዙር ድራፍት፣ ማለትም አዲስ ወጣት ተጫዋች የመምረጥ ተራ። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

ራሌ ያለሁ፦ ባክህ ተወን። በ2022-23 55 ጎል ያገባ ሰው ነው። ስድስት ሳምንት ሙሉ ሞቀኝ ሳይል ይባረር? እኛ ጋ እስካሁን 2 ጎል ብቻ ማግባቱን አውቃለሁ፣ ያናድዳል። ግን እኛ ዋንጫ ካነሳን 2006 ነው። ድራፍት ዋንጫ አያነሳም።

አርሰናል ብቻ፦ እኔ ኳስ ነው የማውቀው። ተጫዋቹ አልሄድም ቢልስ?

የአውሮራው፦ ውሉ ላይ የሚከለክል አንቀጽ ከሌለው ማንም አይጠይቀውም። ደውለው ይነግሩታል፣ ሻንጣውን ይሸክፋል። የዝውውር ሂሳብ ብሎ ነገርም የለም፤ ተጫዋች በተጫዋችና በድራፍት ነው የሚለወጠው።

ቡና ጠጪ፦ አንድ ነገር ደሞ አለ። በደመወዝ ጣሪያው (አንድ ክለብ በጠቅላላ ሊከፍል በሚችለው ልክ) ላይ 9.25 ሚሊዮን ዶላር የሚቆጠርበት ሰው ነበር። በጃንዋሪው ልውውጥ ቺካጎ መሃል ገብቶ ግማሹን ተሸከመ። ስለዚህ ዘንድሮ ለሚወስደው ክለብ 4.6 ሚሊዮን ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ዋጋ ሁሌ አይገኝም፣ ገዢ ይሰለፋል።

ዳላስ ነኝ፦ ወደ እኛ ይምጣ እንጂ! ቴክሳስ የስቴት የገቢ ግብር የለም፣ ልጁም ይገባዋል። ወጣቱን አጥቂያችንን ስታንኮቨንን ብንሰጥ ግን ያመኛል።

የአውሮራው፦ ዳላስ? ከኛ ጋር አንድ ዲቪዚዮን፣ አንድ ምድብ ውስጥ ያለው? ወይ ጉድ! ኒውዮርክም ይሂድ፣ ጨረቃም ይሂድ፣ እናንተ ጋ ብቻ አይምጣ።

ራሌ ያለሁ፦ እኔ አሁንም ይቆይ ነው የምለው። ካልፈረመ ግን... እሺ። ነገ ጠዋት ጠይቁኝ።

(ዓርብ)

ዳላስ ነኝ፦ መጣ!!! አዲስ ውል ፈረመ፦ 8 ዓመት፣ 96 ሚሊዮን ዶላር። እኛ ስታንኮቨንን፣ ሁለት የመጀመሪያ ዙርና ሁለት የሦስተኛ ዙር ድራፍት ሰጥተናል።

ራሌ ያለሁ፦ እንደ ጌንትዝል በአንድ ድራፍት ብቻ ከማጣት ይሻላል። ቡና ጠጪ፣ ዛሬ ብቻ ልክ ነህ።

ቡና ጠጪ፦ ስክሪንሾት አድርጌዋለሁ።

የአውሮራው፦ እኔን ማንም እንዳያናግረኝ።

(ሜይ 3፣ የጥሎ ማለፉ የመጀመሪያ ዙር ሰባተኛና ወሳኝ ጨዋታ፣ ዳላስ ከኮሎራዶ)

አርሰናል ብቻ፦ ሆኪ ዛሬ አየሁ። ኮሎራዶ 2 ለ 0 ሲመራ ተኛሁ፣ ስነቃ ዳላስ 4 ለ 2 አሸንፏል። ማን አገባ?

ዳላስ ነኝ፦ ራንታነን። ከአራቱ ሦስቱን፣ ያውም በሦስተኛውና በመጨረሻው ፔሬድ (የጨዋታ ክፍል)።

አርሰናል ብቻ፦ የአውሮራው የት ሄደ?

ዳላስ ነኝ፦ ደወልኩለት፣ ስልኩ ዝግ ነው።