የሲጋራ ጭስ የሳንባን ሴል ምን ያደርገዋል?

ጠያቂው፦
ሰላም ለሁላችሁ። «ሲጋራ ሳንባ ይጨርሳል» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ እንዴት እንደሚጨርስ ግን በቅጡ የነገረኝ የለም። ጭሱ ሴል ውስጥ ገብቶ ምንድነው የሚሠራው? «ታር ይለጠፋል» ከሚለው ያለፈ መልስ ያለው ሰው እስቲ ያስረዳኝ። ደግሞስ ቢተዉት ይድናል ወይስ አንዴ ከተበላሸ አበቃ?

ባዮኬም፦
ጭሱ ውስጥ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች አሉ፤ ቢያንስ 70ዎቹ ካንሰር አምጪ ናቸው። ሁሉንም እዚህ አንዘልቀውም፣ አንዱን ልውሰድ፦ ቤንዞፓይሪን። የሚገርመው፣ እንደገባ ዲኤንኤን አይነካም። በውሃ ስለማይሟሟ ሰውነት እንዲህ እንዳለ ሊያስወጣው አይችልም፤ ስለዚህ ሲፕ የሚባሉ ኢንዛይሞች ኦክስጅን እየጨመሩበት ሊያሟሙት ይሞክራሉ። መሃል ላይ የሚፈጠረው ውህድ ግን ከዋናው የባሰ ነው። ጉዋኒን የተባለው የዲኤንኤ ፊደል ላይ ሄዶ ጥብቅ ይላል። ሰውነት አጸዳለሁ ብሎ በገዛ እጁ መርዝ ሠራ ማለት ነው።

ሴሉ ይህን ሳይጠግን ከተከፈለ፣ ዲኤንኤው ሲቀዳ ጉዋኒን በነበረበት ቦታ ታይሚን የተባለ ሌላ ፊደል ይገባል፤ እንዲህ ያለው የፊደል ለውጥ ሚውቴሽን ይባላል። ፒ53 የሚባል ጂን አለ፤ ሥራው የተበላሸ ሴል እንዳይባዛ ማስቆም ነው። በ1996 የወጣ ጥናት ይህ ውህድ ፒ53 ላይ በብዛት የሚጣበቀው የሳንባ ካንሰር ሚውቴሽን በሚበዛባቸው ነጥቦች ላይ መሆኑን አሳይቷል። በ2016 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በቀን አንድ ፓኮ የሚያጨስ ሰው በዓመት በእያንዳንዱ የሳንባ ሴሉ ላይ በአማካይ 150 ገደማ ሚውቴሽን እንደሚጨምር ገምቷል። አብዛኛው ምንም አያመጣም። ችግሩ አንዱ ፒ53ን ሲያገኘው ነው።

ጠያቂው፦
እና ኒኮቲኑ ምንም አያደርግም?

ባዮኬም፦
ዋና ሥራው ሱስ ማስያዝ ነው። ካንሰሩን በዋናነት የሚያመጣው እሱ አይደለም። ግን ንጹህ ነው እንዳትል፤ ትምባሆው ሲደርቅና ሲብላላ ከኒኮቲን ኤንኤንኬ የሚባል ኃይለኛ ካንሰር አምጪ ይወጣል።

ነርሷ፦
ሁሉ ሰው ካንሰሩን ብቻ ነው የሚያወራው፤ ትንፋሽ ያጠራቸውን ማን ያስታውሳቸው! ጭሱ ነጭ የደም ሴሎችን ወደ ሳንባ ይጠራል። እነሱ ኢላስቴዝ የሚባል ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም ይለቃሉ። በጤናው ጊዜ አልፋ-1 አንቲትሪፕሲን የሚባል ተከላካይ ፕሮቲን ይዞ ያስቆመዋል። የጭሱ ፍሪ ራዲካሎች (ያገኙትን የሚያጠቁ ያልተረጋጉ ሞለኪውሎች) ግን እሱ ላይ ያለችውን ሜቲዮኒን የምትባል አንዲት የፕሮቲን ክፍል ኦክስጅን እየጨመሩ ያበላሿታል፣ በቃ፣ መያዝ ያቅተዋል። ያኔ ኢላስቴዙ ልጓም ያጣል፤ የአየር ከረጢቶቹን ግድግዳ የሚለጥጠውን ፕሮቲን ይቆራርጠዋል። ኤምፊዚማ የምንለው ይሄን ነው። የፈረሰው ከረጢት ተመልሶ አይሠራም፤ ማጨስ ሲቆም ግን ጉዳቱ የሚሄድበት ፍጥነት ይቀንሳል።

ጠያቂው፦
ተስፋ አስቆረጣችሁኝ 😅

ባዮኬም፦
ኧረ ቆይ። በ2020 የወጣ ጥናት ማጨስ ባቆሙ ሰዎች የአየር ቧንቧ ላይ ሚውቴሽናቸው ካላጨሰ ሰው ብዙም የማይለይ ሴሎች አግኝቷል። የእነዚህ ሴሎች ድርሻ ማጨስ ባላቆሙ ሰዎች ላይ ካለው አራት እጥፍ ነው። የተጎዳው ሴል ታረመ ማለት አይደለም፤ ሳይጎዱ የተረፉት እየተባዙ ቦታውን የያዙ ይመስላል።

ነርሷ፦
አንድ ነገር ልጨምር። አክታን ወደ ላይ የሚጠርጉት ጥቃቅን ፀጉሮች ጭሱ ሲቀር እንደገና መሥራት ይጀምራሉ። ስለዚህ ባቆማችሁ ሰሞን ሳል ቢብስባችሁ «ማቆሙ ነው ያሳመመኝ» ብላችሁ እንዳትመለሱ። ደም ከቀላቀለ ወይም አልለቅ ካለ ግን ሐኪም ጋ ሂዱ።