ለገነተ ልዑል ሕንፃ የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ፦ በረቂቁ ላይ የተደረገ ውይይት

አስተባባሪ፦ የተከበራችሁ አባላት፣ ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምናቀርበው ረቂቅ፣ ቀድሞ ቤተ መንግሥት የነበረው የስድስት ኪሎው ገነተ ልዑል ሕንፃ «ወደ ቀድሞ ገጽታው እንዲመለስ» ይጠይቃል። አስተያየታችሁን እስከ ዓርብ እንጠብቃለን።

የታሪክ ትምህርት ክፍል ምሩቅ፦ ረቂቁን በጥሞና አንብቤዋለሁ፤ «ወደ ቀድሞ ገጽታው» የሚለው ሐረግ ግን እንዲወጣ እለምናለሁ። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የኖሩበት፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የፋሺስቱ እንደራሴ ግራዚያኒ የተቀመጠበት፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በደጁ ቦምብ የወረወሩበት፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻን ጨምሮ የታገቱ ሹማምንት በአረንጓዴው ሳሎን የተገደሉበት፣ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ እኛን ያስተማረን ያው አንድ ቤት ነው። ታዲያ የትኛውን ዘመን መርጠን የትኛውን ልንፍቅ ነው?

ከሕንፃው ፊት ለፊት ያለውን ደረጃ አስቡት። ፋሺስቶች ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን እየቆጠሩ 14 እርከን አቆሙ፤ ወጥተው የሚገቡበት በር የለውም። ከነጻነት በኋላ አባቶቻችን አላፈረሱትም፤ ጫፉ ላይ አንበሳ አስቀመጡበት እንጂ። ተማሪ ሳለሁ ከሥሩ ቆሜ ጓደኞቼን ስጠብቅ፣ ከዚያ ሁሉ ስሚንቶ በላይ ያቺን ትንሽ አንበሳ ቀና ብዬ አያት ነበር፤ ስለ ቅርስ አጠባበቅ ከዚያ የተሻለ ትምህርት አላገኘሁም።

መሐንዲስ አባል፦ በሐሳቡ እስማማለሁ። በላይኛው ፎቅ፣ በንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍል መስተዋት ላይ ያለው የጥይት ቀዳዳም ሳይነካ እንዲቆይ በግልጽ ይጻፍ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ጥገና የቅርስ ባለሥልጣኑን ቅድመ ፈቃድ ስለሚጠይቅ፣ ቀለምም ሆነ ልስን ከመነካቱ አስቀድሞ የሕንፃው ልኬት ተወስዶ እያንዳንዱ ክፍል ፎቶግራፍ እንዲነሣ የሚል አንቀጽ ይጨመርልኝ፤ ልኬቱን ያለ ክፍያ ለመውሰድ ፈቃደኛ ነኝ።

ከዋሽንግተን የሚሳተፉ አባል፦ እዚህ ያለን ምሩቃን በየቤታችን ያስቀመጥናቸውን የምረቃና የግቢ ፎቶግራፎች አሰባስበን፣ ከነዘመናቸው ለኢትዮጵያ ጥናት ተቋም እናስረክባለን።

አስተባባሪ፦ ሐረጉ «የየዘመኑ አሻራ እንደተጠበቀ» በሚል ተተክቷል። የልኬቱና የፎቶግራፉ አንቀጽ ከገባ በኋላ የታረመውን ረቂቅ ሰኞ እልክላችኋለሁ።