ጥቆማ፦ ለሮቦት የሚሆን ጋይሮ ሴንሰር የት ልግዛ?

ቤዛ፦ ሰላም ቤተሰብ። አምስት ኪሎ 5ኛ ዓመት ነኝ። የመመረቂያ ፕሮጀክታችን በሁለት ጎማ ሚዛኑን ጠብቆ የሚቆም ሮቦት ነው። ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ ባለው ጋይሮ (መዞርን የሚለካ ሴንሰር) የሚሸጥ የምታምኑት ቤት ጠቁሙኝ። ቺፑ ኤምፒዩ 6050 ይሻላል ወይስ 9250? ደግሞ ስለ ጋይሮ «የሹካ ቅርጽ»፣ «የቀለበት ቅርጽ» የሚባል ነገር አነበብኩ። ልዩነት አለው?

አቡሽ፦ ፒያሳ አንድ ሰውዬ አለ። ዐይኔን ጨፍኜ ነው የምገዛው።

ሰሊ፦ ያ ሕንፃ እኮ በ2016 ፈርሷል።

አቡሽ፦ ሕንፃው ይፍረስ፣ ሰውዬው አለ። መርካቶ ገብቷል። ስምንት ዓመት ደንበኛው ነኝ።

ተስፉ፦ ጎማ ባላንስ ከሆነ ጎተራ ሂጂ። የእኔን ቪትስ እዚያ ነው የማሠራው፣ በጣም ጎበዞች ናቸው።

ሚኪ ሞተር፦ ጋይሮ ስትሉ ቁስሌን ነካችሁት። ክረምት ላይ ስልኬ ዝናብ ገባበት። አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት፣ ስሙን አልጠራም። ቦርዱን አልትራሶኒክ ማሽን (ፈሳሹን በፍጥነት እያንቀጠቀጠ የሚያጥብ) ውስጥ ነክረው አጠቡት። ስልኩ ተነሳ፣ ደስ አለኝ። ማታ ቪዲዮ ስቀርጽ ምስሉ ይዘላል። ጌም ስከፍት ስልኩን ባዞረው ባዞረው ንቅንቅ የለም። ስመለስ «ስታመጣው እንዲህ ነበር» አሉኝ። ገንዘቤንም አልመለሱም።

ሰሊ፦ ስንት አስከፈሉህ?

ሚኪ ሞተር፦ 1,500 ብር! የሁለት ቀን ሥራዬ ነው።

አቡሽ፦ የእኔ ሰውዬ ቢሆን እንዲህ አያደርግህም ነበር።

ናቲ፦ አቡሽ፣ የአንተ ሰውዬ 9250 ብሎ 6500 ሸጦኛል። ዐይን ጨፍኖ መግዛት ትርፉ ይኸው ነው። 9250 ኮምፓስ አለው፣ 6500 የለውም። ለፕሮጀክቱ ሦስት ሳምንት ኮምፓሱን ፈለግኩት። ቺፑ ውስጥ የለም!

አቡሽ፦ አስመጪው አታሎት ይሆናል እንጂ እሱ አያደርገውም።

ጋሽ ራዲዮ፦ ሚኪ ልጄ፣ የደረሰብህ ነገር ምክንያት አለው። የስልክህ ጋይሮ ውስጥ ከጸጉር የቀጠነ የሲሊከን ምላስ አለ፤ ያለ ዕረፍት ይርገበገባል። ለምሳሌ 6050 ውስጥ ያሉት ሦስቱ በሰከንድ ወደ 27፣ 30 እና 33 ሺህ ጊዜ ይርገበገባሉ። የማጠቢያ ማሽኑ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 40 ሺህ አካባቢ ነው። ለእንዲህ ዓይነት ምላስ ያ መዶሻ ነው። ጋይሮ ያለበት ቦርድ እዚያ መግባት የለበትም።

ቤዛ፣ ወደ አንቺ ልምጣ። የሚርገበገብ ነገር ሲዞር ወደ ጎን ይገፋል፤ ኮሪዮሊስ የሚባለው ኃይል ነው። ጋይሮው የሚለካው ያን ግፊት ነው። ምላሱ አንድ ብቻ ከሆነ ንዝረት ያታልለዋል። ሹካው ሁለት ጣት አለው፤ በተቃራኒ አቅጣጫ ይርገበገባሉ። ሮቦቱ ሲንገጫገጭ ሁለቱም ወደ አንድ ወገን ስለሚገፉ ግፊቱ ይጠፋፋል። ሲዞር ግን ወደ ተቃራኒ ስለሚገፉ መዞሩ ይለያል። ቀለበቱ ደግሞ አንዴ በቁመቱ፣ አንዴ በወርዱ እየሞላለለ ይርገበገባል። ይህ ከድሮ ይመጣል። እንግሊዛዊው ብራያን እ.ኤ.አ. በ1890 የሚጮኽ የወይን ብርጭቆ ሲዞር ንዝረቱ እኩል እንደማይዞር፣ ወደ ኋላ እንደሚቀር አስተዋለ። ወደ ሳተርን የሄደችው መንኮራኩር ካሲኒ ይዛው የሄደችው ጋይሮም እንደዚያ ብርጭቆ የሚርገበገብ፣ ከኳርትዝ የተሠራ ግማሽ ሉል ነበር። ሱቅ ገብተሽ ግን ቅርጽ አትመርጪም፤ ቺፑን ነው የምትመርጪው። ለአንቺ 6050 ይበቃል። ኮምፓስ ሞተር አጠገብ ይረበሻል፣ አያስፈልግሽም።

ናቲ፦ ላፕቶፕና አርዱዪኖ (ሴንሰር የሚያነብ ትንሽ ቦርድ) ይዘሽ ሂጂ። እዚያው ሱቁ ውስጥ የቺፑን የመለያ ቁጥር አስነብቢው። በሄክሳ (በ16 መሠረት በሚጻፍ ቁጥር) 68 ካለ 6050 ነው። 70 ካለ 6500፣ 71 ካለ 9250። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ሳትነኪው 500 ንባብ ወስደሽ አማካዩን ከሚመጣው ንባብ ሁሉ ቀንሺ። በሰከንድ ግማሽ ዲግሪ ስህተት ከተውሽ በደቂቃ 30 ዲግሪ ይሆናል፤ ሮቦቱ ይወድቃል።

ቤዛ፦ ጋሼ፣ ናቲ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ቅዳሜ እወጣለሁ።

አቡሽ፦ የመርካቶውን አድራሻ በውስጥ ልኬልሻለሁ።

ሰሊ፦ ቤዛ፣ ቅዳሜ አለፈ እኮ። የቱን ገዛሽ?

ሚኪ ሞተር፦ ጋሼ፣ የእኔ ስልክስ ቺፑ ይቀየራል?

ጋሽ ራዲዮ፦ ጥሩ እጅ ካገኘ ይቀየራል። ሞተር መሪው ላይ አስረህ አትንዳ እንጂ፤ ንዝረቱ የካሜራውን ማረጋጊያም ይጎዳል።

ተስፉ፦ ሚኪ፣ የሞተር ጎማም ባላንስ ያደርጋሉ፣ ጎተራ።