ለእማዬ «መከላከያ የሚቀሰቅስ» ክኒን ልግዛላት?

የአዘዞ ልጅ፦
ሰላም ጎንደሮች። እማዬ 67 ዓመቷ ነው፣ ስኳር አለባት። ጥምቀትን ፋሲል መዋኛ አድራ ከተመለሰች ጀምሮ ጉንፋኑ አልለቃትም። ሳሉ ሦስት ሳምንት አለፈው። አንድ የምናውቀው ሰው ከውጭ የመጣ ብልቃጥ ይዞልን መጣ። «ላብራቶሪ የተሠራ ነው፣ የሰውነትን መከላከያ ይቀሰቅሳል፣ ቫይረስ አይደፍራትም» ይላል። ዋጋው የወር አስቤዛችንን ይበላል። እንዲህ ያለ ነገር በእርግጥ አለ? ሰኞ ገንዘቡን ሊቀበል ይመጣል።

ቀሃ ሰፈር፦
እረ ተይው እቴ! ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት በማር አድርገሽ ጠዋት ጠዋት ስጫት። እኛ ቤት በዚህ ነው የምንድን።

ፋርማሲስት ነኝ፣ ከማራኪ፦
እህቴ፣ ማሩ ይቅር፤ ስኳር አለባቸው ብለሻል።

ሰው ሠራሽ መቀስቀሻ አለ። ቫይረስ የገባበት ሴል ለጎረቤቶቹ «በር ዝጉ» ብሎ የሚልከው ኢንተርፌሮን የሚባል መልእክት አለ፤ በ1957 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ አይዛክስና ሊንደንማን ናቸው ያገኙት። ከ10 ዓመት በኋላ ፖሊ አይሲ የተባለ፣ የቫይረስን የዘር መልእክት የሚመስል ሰው ሠራሽ አር ኤን ኤ ተሞከረ። ሰውነት ቫይረስ የገባ እየመሰለው ኢንተርፌሮን ያመርታል። ሰው ላይ ግን ትኩሳቱና ጉዳቱ አስቸገረ።

ለምን እንደሚያስቸግር በዓይኔ አይቻለሁ። ታላቅ ወንድሜ ሄፓታይተስ ሲ የሚባለው የጉበት ቫይረስ ነበረበት። የታዘዘለት የኢንተርፌሮን መርፌ ነበር፤ በሳምንት አንዴ፣ ለ48 ሳምንት። ዓርብ ማታ ሆዱ ላይ የምወጋው እኔ ነበርኩ። እኩለ ሌሊት ላይ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ጋቢ በጋቢ ላይ እንደርብለታለን፣ እሱ ግን «አጥንቴ፣ አጥንቴ» ይላል። ቅዳሜ ቡናው ሦስተኛው ደርሶ እንኳን ከአልጋ አይወርድም። በአራተኛው ወር ሰው ማየት ጠላ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል። እሱም ከመርፌው ነው። በጉንፋን ጊዜ የሚቆረጥመን ሕመም አብዛኛው የራሳችን መከላከያ ሥራ ነው፤ መከላከያ ሲቀሰቀስ እንዲህ ያነዳል። ወንድሜን በመጨረሻ ያዳነው በኋላ የመጣው ሶፎስቡቪር ያለበት የ12 ሳምንት ክኒን ነው። እሱ መከላከያን አይቀሰቅስም፣ ቫይረሱ እንዳይባዛ ያግደዋል።

ዛሬ የሚሠሩት መቀስቀሻዎች ቦታቸው ጠባብ ነው። ኢሚኪሞድ የሚባለው እንደ ብልት አካባቢ የቆዳ ኪንታሮት ላሉ የቆዳ ችግሮች፣ ቆዳ ላይ ብቻ የሚቀባ ክሬም ነው። ሲፒጂ የተባለ ሰው ሠራሽ ዲኤንኤ ደግሞ በ2017 አሜሪካ በጸደቀ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ውስጥ ይገባል። ጉንፋን ሁሉ እንዳይዝ ተብሎ በየቀኑ የሚዋጥ የለም።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈ የሳንባ ነቀርሳ መመርመር አለበት፤ ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ይበልጥ ይጋለጣል። ነገ ጤና ጣቢያ ይዘሻቸው ሂጂና አክታ ይስጡ። ሕክምናውም በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው። ስኳራቸውንም እዚያው አስለኪ። ብልቃጡ ላይ ምን ተጽፏል?

የአዘዞ ልጅ፦
አሁን አነበብኩት። ቫይታሚን ሲ እና ዚንክ ነው፣ ሌላ የለውም። ለሰውየው አልፈልግም ብዬ ደወልኩለት። ሌሊት ያልባታል፣ ነጠላዋ ይረጥባል፤ እኔ የብርድ ልብሱ ሙቀት ነበር የመሰለኝ። ጠዋት በመጀመሪያው ባጃጅ እንሄዳለን።